ጥር ላይ ያከራየነው ድንኳን

ሚዛን ተፈሪ፣ ኅዳር 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ልጅ ለአቢጊያ፣

ባሕር ማዶውንም ዳገቱንም በአንድ ዓይን የሚያይ አምላክ ዱባይ ላይ ጥላ ይሁንሽ። እኛ ይመስገነው ደህና ነን። ስትደውዪ የማላነሣው ኮርቼብሽ አይደለም፤ ጆሮዬ ከዓመት ዓመት እየባሰበት ስለሄደ ነው። በስልክ ስጮህ ገበያተኛው ሁሉ ሱቄ ደጃፍ ላይ ቆሞ ያደምጣል። ስለዚህ በእጄ እጽፋለሁ፤ ልጄ ምሕረት ፎቶ አንሥታ ትልክልሻለች።

እናትሽ ደህና ናት። እግሯ ማበጡን አልተወም፤ አፏ ግን እንደ ድሮው ነው፣ ለማንም አይመለስም። ክኒኗ እዚህ አንዳንዴ ይጠፋል፤ ቴፒ ሲገኝ ደግሞ ዋጋው አይቀመስም። ከቻልሽ ለእሱ የሚሆን ላኪ።

አሁን ወደ ራሴ ጣጣ ልምጣ። በመስከረም የዕድራችን ዳኛ አድርገው መረጡኝ፤ ቆርቆሮና ሚስማር የሚሸጥ ሰው ሒሳብ አያጣም ብለው ነው። ዕድሩ ሁለት ድንኳን አለው። አንዱ ለሠርግ ይከራያል። ሌላው በደንባችን መሠረት ለለቅሶ ካልሆነ ከዕቃ ቤት አይወጣም። ለሟች ቤተሰብ የምንሰጠው ገንዘብ ዛሬ የሬሳ ሣጥን እንኳ አይገዛም፤ ስለዚህ ከኪራዩ የሚገባውን ላሳድግ ተነሣሁ። ቡና ተለቅሞ ሲያልቅ ሠርግ ነውና፣ ገና በጥቅምት አንድ መምህር መጥቶ ለአንድ የጥር እሑድ ተከራክሮ በርካሽ ወሰደ። በሳምንቱ የማሻ ነጋዴ መጣና ለዚያው እሑድ እጥፍ ልክፈል አለ። ቃሌን ሰጥቼ ነበርና ባዶ እጁን ሸኘሁት፤ ከዚያ ወዲህ ይቆጨኛል። አንቺ ቀኑን ሙሉ የሆቴል ክፍል ስትሸጪ ነው የምትውዪው። ቀድሞ ለመጣው ትሰጣላችሁ ወይስ ሀብታሙን ትጠብቃላችሁ? መምጣቱንስ በምን ታውቃላችሁ? እስቲ ምከሪኝ።

አጎትሽ ጴጥሮስ


ዱባይ፣ ኅዳር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለአጎቴ ለጋሼ ጴጥሮስ፣

ዕድሜና ጤና ከነሙሉ ቤትዎ ይስጥዎት። የመድኃኒቱን ልኬአለሁ፤ እማዬ አልሰስትም ብላ ከክኒኑ ላይ ለሰው እንዳታካፍል አደራ፣ አውቃታለሁ።

ጋሼ፣ ጥያቄዎ የእኔ እንጀራ ነው። አንድ ክፍል ዛሬ ባዶ ካደረ ያንን ሌሊት ነገ መልሶ የሚሸጥ የለም፤ የእርስዎም እሑድ እንደዚያው ነው። ግን ቀድሞ የሚመጣው ሰው ጊዜ አለው፣ ይከራከራል፣ ርካሽ ይፈልጋል። ዘግይቶ የሚመጣው ጨንቆታል፤ የተባለውን ይከፍላል። ስለዚህ ሁሉንም ለቀዳሚዎቹ አንሸጥም፤ ጥቂት ይዘን እንጠብቃለን። ዘግይቶ የሚመጣው እጥፍ የሚከፍል ከሆነ፣ የመምጣቱም ነገር ከግማሽ በላይ ካመዘነ፣ ርካሹን «ሞልቷል» ብሎ መሸኘት ያዋጣል። ልብ ማድረቅ ነው እንጂ ሌላ ጥበብ የለውም።

ያስደነገጠኝ ግን ሁለተኛው ድንኳን ነው። በጥር እሑድ ዕቃ ቤት ተኝቶ ይውላል? አለቃዬ ቢሰማ ራሱን ይዞ ይጮሃል። በሠርግ ወቅት ስንት ጊዜ ለቅሶ ሆኖ ያውቃል? እኛ እኮ ካሉን ክፍሎች በላይ ነው የምንሸጠው፤ የሚቀር ሰው አይጠፋም። ድንገት ሁሉም ከመጣ ጎረቤት ሆቴል ወስደን እናሳድራለን። እርስዎም ከጎረቤት ዕድር ጋር ይስማሙና ሁለቱንም ያከራዩ።

እማዬን ጅማ ሐኪም ዘንድ ይውሰዱልኝ። አደራ።

የእህትዎ ልጅ አቢጊያ


ሚዛን ተፈሪ፣ ታኅሣሥ 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአቢጊያ ልጄ፣

እመብርሃን በወጣሽ በገባሽበት ትከተልሽ። የላክሽው ደርሶ ክኒኑ ተገዝቷል።

ደብዳቤሽን ሳነብ መነጽሬን አውልቄ ጠርጌ እንደገና አነበብኩት። ካላችሁ በላይ ትሸጣላችሁ? ጉድ እኮ ነው። እዚህ እንዲያ ያደረገ ሰው ጣቢያ ነው የሚያድረው። ደግሞም የእናንተ ደንበኛ ይቀራል፤ የእኛ የሁለተኛው ድንኳን ደንበኛ ቀርቶ አያውቅም፣ ቀጠሮም አይዝም። ይህንኑ ለእናትሽ ባጫውታት እስኪያስላት ሳቀችና «እስቲ ሞትን ቀብድ አስከፍሉት» አለችኝ።

ቢሆንም ለስብሰባ አቀረብኩት። ጥሩምባችንን የሚነፋው ሽማግሌ አቶ ባዘዘው ሰምቶ ሳይጨርስ ተነሥቶ ወጣ። የቀሩት ተጨቃጭቀው ተስማሙ። ሁለተኛውም ይከራያል፤ አባል ከሞተ ግን ሠርግ ላይም ቢሆን ተነቅሎ ይመጣል፤ ተከራዩም ይህን አውቆ ይፈርማል። ለክፉ ቀን ከወንዝ ማዶው ዕድር ጋር ድንኳን ልንዋዋስ ተነጋገርን።

ታዲያ ሠራ! ጾሙ የማይመለከታቸው የሸኮ ሰዎች ለሠርጋቸው ሳምንት ሲቀር መጥተው የያዝኩትን ድንኳን ዓይናቸውን ሳያሹ በእጥፍ ወሰዱት። ከእነሱ በፊት የመጣውን ደሃ «ተይዟል» ብዬ መልሼዋለሁ፤ ውሸት ነው፣ ግን ለዕድሩ ብዬ ነው። የማዶው ዕድር ዳኛ ምሥጢሩን ቢጠይቀኝ ኮራ ብዬ አስተማርኩት። አሁን ለሟች የምንሰጠውን ከፍ እናደርጋለን።

እናትሽ ወደ ቤተ ክርስቲያን ዳገቱን መውጣት ለጊዜው ትታለች፤ እቤቷ ሆና ትጸልያለች። ጅማ እንሂድ ስላት ከጥምቀት በኋላ ትላለች።

አጎትሽ


ዱባይ፣ ታኅሣሥ 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጋሼ ጴጥሮስ፣

የልደቱ ጌታ በሰላም ያድርሳችሁ። ስኬትዎን ሰምቼ ለሥራ ባልደረቦቼ ሁሉ አወራሁ። «ሚዛን ቅርንጫፍ ከፍተናል» እያልኩ አሳቅኋቸው።

ዛሬ የምጽፈው ግን ለጉዳይ ነው። ቲቶን ያውቁታል፤ ከእናንተ በታች ሜዳው ዳር ያለው የቡና ነጋዴው የአቶ ታፈሰ ልጅ። እዚህ የቅርብ አለቃዬ ነው። ጥር 25 አባቱ ግቢ ያገባል። ሁለቱንም ድንኳን ይፈልጋል፤ ዋጋም አይጠይቅም። ዘግይቶ ይመጣል ብዬ የጻፍኩልዎት ሰው ይኸው መጣ።

ነገሩን ልንገርዎት። ኮንትራቴ በየካቲት ያልቃል፤ እንዲታደስ የሚፈርመው ቲቶ ነው። ከታደሰ እማዬን አዲስ አበባ የልብ ሐኪም ዘንድ አሳክማታለሁ። ካልታደሰ ሻንጣዬን ይዤ መምጣቴ ነው፤ ለክኒኑም የሚሆን አይኖረኝም። ስለዚህ ቃል ሰጥቼዋለሁ። የዕድሩን ደንብ ሰምቶ ስለፈራ፣ ምንም ቢመጣ ድንኳኑ አይነቀልብህም፣ ዳኛው አጎቴ ነው ብዬዋለሁ። ለአንድ እሑድ ነው ጋሼ፤ እንዳያሳፍሩኝ።

እማዬ ስደውል ሁለት ቃል ተናግራ ስልኩን ለምሕረት ትሰጣለች። ምን ሆና ነው?

አቢጊያ


ሚዛን ተፈሪ፣ ጥር 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአቢጊያ፣

ሰላሙን ያብዛልሽ። አንቺ ቃል ከሰጠሽ እኔም እንደሰጠሁ ቁጠሪው። ለዚያው እሑድ ቀደም ብለው የጠየቁ ባልና ሚስት ልጃቸውን ሊድሩ ነበር፤ ሸኘኋቸው። አቶ ታፈሰ ውሉን ሲያነብ «ተነቅሎ ይመጣል» የሚለው ላይ ሲደርስ ፊቱ ጠቆረ። እኔው በብዕሬ ሰረዝኩለት። ለማንም አልነገርኩም። የማዶዎቹ ድንኳን አለልን።

የእናትሽን ነገር አልዋሽሽም፤ ልቧ ደክሟል። ትንፋሽ ስለሚያጥራት ነው የማታወራሽ። ጎረቤታችን ንጋቷ አብራት ታድራለች። ሠርጉ ባለፈ ማግሥት ሰኞ ጅማ የሚወስዳት መኪና ይዤአለሁ። ከዚያ በፊት እንሂድ ብላት ድንኳኑን ጥለህ የት ትሄዳለህ አለችኝ። እውነቷን ነው፣ ያለ እኔ የሚያስተክለው የለም። ለመኪናው ጨምሪልኝ።

አጎትሽ


ዱባይ፣ ጥር 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጋሼ፣

ሰላምታዬን አጭር ስላደረግሁ ይቅር ይበሉኝ፤ ልቤ ተሰቅሏል። የእማዬ ስልክ ከቅዳሜ ጀምሮ ዝግ ነው። ምሕረት አታነሣም። ዛሬ ሰኞ አልፏል፣ ጅማ ደርሳችኋል ማለት ነው? ከሐኪሙ ምን ሰማችሁ?

የቲቶን ሠርግ ቪዲዮ አየሁት። ድንኳኖቹ እንዴት አምረዋል። እርስዎ ቆመው ሙሽሮቹን ሲመርቁም አይቻለሁ፤ ፊትዎ ግን አመድ መስሏል። የታመመችው እማዬ ናት ወይስ እርስዎ? እባክዎ ቶሎ ይጻፉልኝ።

አቢጊያ


ሚዛን ተፈሪ፣ የካቲት 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአቢጊያ ልጄ፣

እግዚአብሔር ያበርታሽ። ኔትወርኩ እንደምታውቂው ነው። ጅማ አልሄድንም። እናትሽ ከድካሟ ዐርፋለች፤ ብዙ አታስቢ።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። እዚያ አገር የምትሄጂበት ቤተ ክርስቲያን የትኛው ነው? ካህኑን ታውቂዋለሽ? አብሮሽ የሚኖር የአገር ሰው አለ? ቲቶ ሰሞኑን ይመለሳል፤ እሱ ደህና ልጅ ነው፤ ከእሱ አትራቂ። የመድኃኒቱን ለጊዜው አትላኪ። የመኪናውንም መልሼ እልክልሻለሁ።

አጎትሽ


ዱባይ፣ የካቲት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጋሼ፣

ዛሬ ገና ሳይነጋ በሬን አንኳኩ። ከፍቼ ካህኑን፣ ከኋላው ሁለት ሴቶችን፣ ከእነሱ ኋላ ቲቶን አየሁ። አፋቸውን ሳይከፍቱ ገባኝ፤ በዚያ ሰዓት ተሰብስቦ የሚመጣ ሰው ለሌላ አይመጣም። እርስዎ ካህኑን የጠየቁኝ ለዚህ ኖሯል። «ዐርፋለች» ብለው ሲጽፉልኝ ተኝታ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር። ስንት ቀን ሙሉ የሞተችን ሴት ለሰዎች «ትንሽ ተሽሏታል» እያልኩ ሳወራ ከረምኩ።

ሴቶቹ ደረቴን እንዳልመታ እጄን ይዘውኛል። ቲቶ ግድግዳ ተደግፎ ያለቅሳል። ሠርጌ ባለቀ ማግሥት ሰኞ ጠዋት ጥሩምባ ተነፋ፣ እኔም ቀብሯ ላይ ቆሜአለሁ አለኝ። ይህን ሲለኝ ለቅሶዬ ቆመ። ሰኞ? ስልኳ የተዘጋው ቅዳሜ ነው። ምሕረትም ስልኬን ማንሣት ያቆመችው ቅዳሜ ነው። ንጋቷ አብራት ታድር የለም እንዴ፣ እሷስ ምን ሆና ዝም አለች?

እናቴ የሞተችው መቼ ነው? ሌላ ምንም አይጻፉልኝ። ይህን ብቻ።

አቢጊያ


ሚዛን ተፈሪ፣ የካቲት 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

አቢጊያ፣

ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ ነው።

ንጋቷ መጥታ ጠራችኝ። እታለም አልጋዋ ላይ ጎኗን ሰጥታ የተኛች ትመስላለች። ንጋቷ እሪ ልትል አፏን ስትከፍት በእጄ አፈንኳት። ይህን እጄን አሁን ሳየው ያስጠላኛል።

ሁለቱም ድንኳን አቶ ታፈሰ ግቢ ተተክሏል፤ በሬ ታርዷል፤ እንግዳ ከቴፒና ከቱም ገብቷል። ሮጬ ወንዝ ማዶ ሄድኩ። የማዶዎቹ ድንኳንም የለም። የለቅሶውን ጨምረው አከራይተውታል፤ እኔ ባስተማርኳቸው መንገድ። የዕድሩ ዳኛ ደጅ ድንኳን ጠፋ ማለት ነው። ጥሩምባው ቢነፋ ሕዝቡ ደንቡን ያውቃል፤ ሄዶ የቲቶን ድንኳን ከሙሽሮቹ ራስ ላይ ይነቅላል። የሰረዝኩት መስመር ይወጣል። ያንቺም ኮንትራት አለ። ይህን ሁሉ እዚያው ድልድዩ ላይ ቆሜ አሰብኩና ተመልሼ «እስከ ሰኞ አይለቀስ» አልኳቸው። ምሕረት እንደማታውቀኝ ሰው አየችኝ። ስልኩን ዝጊው አልኳት፤ ዘጋችው። ንጋቷ መስኮቱን ከፍታ የባሕር ዛፍ ቅጠል አጨሰች።

እሑድ ሠርግ ቤት ሄድኩ። ዳኛ ሲቀር ለምን ይባላላ። መረቅኋቸው። አጎረሱኝ፣ ጎረስኩ። እልልታው ከእነሱ ግቢ እኛ ግቢ ድረስ ይሰማ ነበር። እቤት ስመለስ ሁለቱ ሴቶች አፋቸው ላይ ነጠላ ነክሰው ቁጭ ብለዋል።

እናትሽ ፈቅዳ ነው ብዬ ልጽፍልሽ ሁለት ጊዜ ጀምሬ ቀደድኩት። አልፈቀደችም። ዓርብ ማታ ድንኳኑ ተተከለ ወይ ብላ ብቻ ጠየቀችኝ። ተተከለ አልኳት። ሌላ የለም።

ሰኞ ድንኳኑን ነቅለን አመጣን፣ ጥሩምባ ተነፋ። ቀብሯ ላይ ንጋቷ አልቻለችም፣ ሁሉንም ተናገረች። አቶ ባዘዘው አጠገቤ መጥቶ «ለቅሶ የሚቀጥር ዳኛ ለማየት ነው ዕድሜ የሰጠኝ» አለኝ። ሰልስቱን ሳይቀሩ ተቀመጡ፤ ለእሷ ሲሉ ነው፣ ከእኔ ጋር ግን የሚያወራ አልነበረም። ከዳኝነቱ አወረዱኝ። አቶ ባዘዘው ተተካ።

ይቅር በዪኝ አልልሽም፤ ምን ብዬ።

ጴጥሮስ


ዱባይ፣ የካቲት 26 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጋሼ፣

ደብዳቤዎን ወርውሬ አነሣሁት፤ ደግሜ ወረወርኩት። እናቴ ተዘግቶባት የሰው እልልታ ስትሰማ ዋለች። እናቴ የሰው ሁሉ ለቅሶ ላይ ቀድማ የምትደርስ ሴት ነበረች። በምን አንጀትዎ?

ከዚያ የራሴን ደብዳቤ ፈልጌ አነበብኩ። «ምንም ቢመጣ ድንኳኑ አይነቀልብህም።» ይህን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ምንም ማለት ምን እንደሆነ አልጠየቅሁም። ዕድሩ እኮ ከጥንት ጀምሮ አንድ ድንኳን ለዘግይቶ መጪው ይዞ ይጠብቅ ነበር። መጨረሻ የሚመጣው እሱ ነው፣ የሚከፍለውም የለውም። እኔ ሆቴል ተምሬ ይህ ጠፋኝ። ኮንትራቴ ታድሷል፤ ቲቶ እያለቀሰ ፈረመልኝ። ምን ላድርገው?

አርባዋ መጋቢት 3 ነው። ሁለቱም ድንኳን ደጃችን ላይ ይተከል። ጾም ነው፣ ሠርግ የለም፣ የሚሻማን የለም። የቲቶ ሠርግ የከፈለውን እጥፍ አድርጌ ልኬአለሁ። ከዚህም በላይ ካሉ እልካለሁ። እናቴ አንድ ቀን እንኳ ድንኳን ይሁንላት። ይህን አይከልክሉኝ።

አቢጊያ


ሚዛን ተፈሪ፣ መጋቢት 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ልጅ ለአቢጊያ፣

ሐዘንሽን እሱ ያቅልልሽ። የላክሽው ገንዘብ በአቶ ታፈሰ በኩል ተመልሶ ይደርስሻል። ለምን እንደሆነ ልንገርሽ፣ ከዚያ የፈለግሽውን በዪኝ።

አቶ ባዘዘው ገንዘቡን አልተቀበለም፤ ለአባላችን አርባ ድንኳን አንሸጥም ብሎ እንዲያው ሰጠኝ። በዋዜማው ሁለቱንም ደጃችን ላይ ተከልኩ። ምሕረት አግዳሚውን ደረደረች። ንጋቷ እንኳ መጥታ ምንጣፍ ዘረጋችልኝ። ካስማውን መትቼ ሳልጨርስ ጥሩምባ ተነፋ። ሸኮ መንገድ ላይ የቀን ሠራተኞች የጫነ አይሱዙ ተገልብጧል። ከሰፈራችን ሁለት ቤት ለቅሶ ገባ። አንደኛው የሬድዋን ወንድም ነው፤ ሬድዋን ሸክም የሚሠራ ልጅ ነው፣ ዕድር ከገባ ገና መዋጮ በወጉ አልከፈለም። ሁለተኛይቱ ባልቴት ናት፣ ልጇን ነው ያጣችው።

አቶ ባዘዘው ደጄ መጥቶ ቆመ። ንቀሉ አላለኝም። ድንኳኖቹን አየ፣ እኔን አየ፣ አንገቱን ደፋ። ያንቺ ደብዳቤ ኪሴ ውስጥ ነበር። አንድ ቀን እንኳ ድንኳን ይሁንላት ብለሻል። መዶሻውን አስቀምጬ ካስማውን በእጄ መንቀል ጀመርኩ። አቶ ባዘዘው ሌላኛውን ጫፍ ያዘ።

በማግሥቱ የእናትሽ አርባ ሜዳ ላይ ዋለ። ካህናቱ ፀሐይ ላይ ቆመው ፍትሐቱን አደረሱ። ሰው ድንጋይ ላይም ሣር ላይም ተቀምጦ ንፍሮ ቀመሰ። ማንም አላጉረመረመም፤ ከእኔ ጋርም አወሩ።

ከሰዓት በኋላ ሬድዋን ቤት ለቅሶ ልደርስ ሄድኩ። ድንኳኑ ውስጥ ገብቼ አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ። ካንቺ ምን እደብቃለሁ፣ ከቅዳሜዋ ጀምሮ አንድ ዘለላ እንባ አልወጣኝም ነበር፤ ቀብሯም ላይ፣ ሰልስቷም ላይ፣ አርባዋም ላይ። እዚያ ግን መጣ። እታለም እያልኩ ድምፄን አውጥቼ ጮህኩ፣ መሬት ላይ ወደቅሁ። የማያውቁኝ የገጠር ዘመዶቻቸው ይህ ሰውዬ የሟቹ ምኑ ነው ብለው ሲጠያየቁ ሰማኋቸው። ሬድዋን መጥቶ አጠገቤ መሬቱ ላይ ተቀመጠና «ተዉት፣ የዘገየ ለቅሶ አለበት» አላቸው።

አጎትሽ ጴጥሮስ